የታሰረ ጉልበት

ሰቆጣ ገበያ ቆማችሁ «የመሪጌታ ይትባረክን ጉልበት ያደረቀው ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጨው ሻጩም ማር ሻጩም ሳያስብ «ኪሮስ ነዋ፣ የፃግብጂው ወጌሻ» ይላችኋል። መሪጌታ ይትባረክ እኔ ነኝ፤ ጉልበቱም የእኔው ነው። ነገሩን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ከእኔ የበለጠ ዝም ያለም የለም። ዛሬ ልናገር ነው። ሰምታችሁ ብትቆጡ አልፈርድባችሁም።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ያኔ ወደ ስልሳ እየተጠጋሁ ነበር፤ በሰበካችን አቋቋም አስተምራለሁ። አቋቋም በእግር የሚበላ እንጀራ ነው። መቋሚያ ይዞ ሰዓታት መቆም፣ በወረቡ ጊዜ ጉልበትን ሰበር ቀና ማድረግ፣ ከዚያም መስገድ አለበት። እኔም «ጉልበቱ የማይታዘዘው ሰው ድምፁ ቢያምርም ግማሽ መሪጌታ ነው» እያልኩ በሌሎች ስቀልድ ኖሬያለሁ። ቀልዱ ዞሮ በራሴ ላይ ወረደ። ቀኝ ጉልበቴ መጀመሪያ ስሰግድ፣ ቀጥሎ ስራመድ፣ በመጨረሻ ተኝቼም ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ጠበሉንም ቅባቱንም ሞከርኩ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ማስተማር ስጀምር ደብተራዎቹ ሁሉ አዘኑልኝ፤ እኔ ደግሞ የሚያዝንልኝ ሰው አልወድም።

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ አስካለ ትባላለች። አረብ አገር በሰው ቤት ትሠራ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ያረጀ ጉልበት አውጥተው በብረት እንደሚተኩ ሰምቶ ለእሷ ነገራት። ያን ዓመት ልትመለስ ሻንጣዋን ያሰናዳች ልጅ ሻንጣዋን ፈታች። «ሁለት ዓመት ልጨምርና አባ ይታከሙ» አለች። እኔ እንቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ መቆም በጣም አምሮኝ ነበር።

ጥምቀት እንዳለፈ አዲስ አበባ ሄጄ ተቀደድኩ። በማግሥቱ አንዲት ቀጭን ልጅ መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና እግሬን ያዘች። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ አለች። ልጅቷ ርኅራኄ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም ብዬ ነበር ያኔ።

«አባቴ፣ ብረቱን ሐኪሞቹ ገጥመውታል፤ እሱ አያሳስብዎት» አለችኝ። «ሥራው ያለው ሥጋው ላይ ነው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ማጠፍ አለብዎት። ያማል። በጣም ሲያምዎት ታዲያ ማቆም የሌለብዎት ያኔ ነው። ካቆሙ ሥጋው ይቋጠርና እግርዎ ምሰሶ ሆኖ ይቀራል።»

«ምሰሶ?» አልኳት።

«ምሰሶ» አለችኝ፤ ሳትስቅ።

ይህን ቃል በቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

እግሬን በአውቶቡሱ መተላለፊያ ዘርግቼ፣ የተሳፋሪውን ሁሉ እርግማንና ምርቃት እየተቀበልኩ፣ ወልዲያ አድሬ ሰቆጣ ገባሁ። ዐቢይ ጾም ገና መያዙ ነበር። ባለቤቴ ትርንጎ መደቡ ላይ ፍራሽ አንጥፋ ጠበቀችኝ፤ እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። ፎጣ በቁርጭምጭሚቴ አዙሬ ሁለቱን ጫፍ ይዤ ተረከዜን ወደ መቀመጫዬ እጎትታለሁ። ስጎትት እጮሃለሁ። መሪጌታ ስለሆንኩ ጩኸቴም ከፍ ያለ ነው፤ ከሦስት አጥር ወዲያ ይሰማል።

እንደ አገራችን ልማድ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ሽሮውንም፣ ምክሩንም ይዞ ይመጣል። «እግዜር ይማርዎ» ብለው ይቀመጡና እግሬን ያዩታል። አብጧል፣ ቀልቷል። «የታመመ አካል እረፍት ነው የሚፈልገው። ታርዶ ገና ያልዳነ ሥጋ እንዴት ይጎተታል?» ይላሉ። ትርንጎ ስጎትት ማየት አቅቷት ወደ ጓሮ ትወጣለች። በአሥረኛው ቀን ከጓሮ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«መሪጌታ፣ ወንድሜ ይምጣና ይይዎት» አለችኝ።

ወንድሟ አያ ኪሮስ ነው። ፃግብጂ ውስጥ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ሰባውን ጨርሷል። በዚያ አካባቢ ከገደል የወደቀ፣ በሬ የረገጠው፣ ግንብ የተጫነው ሁሉ በእሱ እጅ አልፏል። ለእጁ ዋጋ ተቀብሎ አያውቅም። አስካለ በልጅነቷ ክንዷን ሰብራ አጥንቱ በቆዳው ሊወጣ ሲል፣ እሱ ገጥሞ አስሮላት ዛሬ የተሰበረው ክንዷ የትኛው እንደሆነ ራሷም አታውቀውም። አረብ አገር ምንጣፍ የምታራግፍበት እጅ የአያ ኪሮስ ሥራ ነው።

ሐሙስ ዕለት ረፋዱ ላይ ደረሰ። ከእህቱ ጋር በኽምጥኛ ጥቂት ተነጋገሩ፤ እጁን ታጠበና አጠገቤ ተንበረከከ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ሁልጊዜም እንዲያ ያደርጋል፤ አጥንት በዓይን አይታይም ይላል። ጣቶቹ ከጭኔ ተነሥተው ቀስ እያሉ ወረዱ። ጠባሳውን አልፈው ከጉልበቴ ግራና ቀኝ ቆሙ። ወዲህና ወዲያ ነቅነቅ አደረገው። ከውስጥ «ቀጭ» አለ። ይህን ድምፅ ሐኪሞቹ ነግረውኛል፤ ብረቱና ፕላስቲኩ ሲነካኩ ነው፣ ምንም አይደለም ብለውኛል።

አያ ኪሮስ ዓይኑን ገለጠ።

«ይኼ አልገጠመም» አለ።

«ብረት እኮ ነው፣ አያ ኪሮስ።»

«ብረት መሆኑንስ ሰምቻለሁ። የተተከለው አጥንት ላይ አይደለም እንዴ? አጥንቱ አልያዘውም። አጥንት ከያዘ ዝም ይላል፤ ይኼ ይናገራል። የሚናገር ነገር ደግሞ ሲነቀነቅ ይላላል እንጂ አይድንም።»

ዕድሜ ልኩን አጥንት ሲዳስስ ያልተሳሳተ ጣት ነው ይህን ያለው። አጥንት ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። ጣቱ ያላወቀው ነገር ቢኖር የዳሰሰው አጥንት አለመሆኑን ነው።

እሱ ግን ከጣቱ ይልቅ አእምሮው ትልቅ ሰው ነበር። ወዲያው አላሰረኝም። ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ አየኝና እንዲህ አለኝ፦

«መሪጌታ፣ እኔ የማውቀው እግዜር የፈጠረውን አጥንት ነው። የፈረንጅ ብረት አላውቅም። ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ። ሐኪሙ ምን አሉ? ይታጠፍ ካሉ እጄን ሰብስቤ ወደ እርሻዬ እሄዳለሁ። ይረፍ ካሉ አስራለሁ። እሳቸው ያሉት ይሁን።»

ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ፎጣው እግሬ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ያን ቀን ጠዋት ያጠፍኩት ሕመሙ ገና አልወጣልኝም፤ የማታው ደግሞ እየመጣ ነው። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ፎጣውን አየሁት። ፈራሁት። የማያምር ነገር ነው፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው፤ አንድ ሽማግሌ ሰው አንዲት ፎጣ ፈራ።

«ይንቀሳቀስ ብለው ነበር፤ ሕመሙ ከበረታ ግን አሳርፈው ብለውኛል» አልኩ።

ያቺ ቀጭን ልጅ ሆስፒታል ያለችኝን ገልብጬ ተናገርኩት። አያ ኪሮስ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ፤ ጣቱ የነገረውና ሐኪሙ ያሉት ስለተስማሙለት። «እንግዲያ አራት ሰባት ቀን ይታሰራል» አለ።

ጾም ስለሆነ በቅቤ ፈንታ በኑግ ዘይት አሸኝ። የሸምበቆ ስንጥሮቹን በነጠላ ጨርቅ እየጠቀለለ ከጭኔ እስከ ባቴ ደረደረ፤ ዙሪያውን በመቀነት አሠረ። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ሲያጠብቅ ሕመሙ እንደ ቀትር ነፋስ ቆመ። ተኛሁ። ከወር ወዲህ ያን ቀን ነው የተኛሁት። ትርንጎ የወንድሟን ትከሻ ሳመች።

እነዚያ አራት ሳምንታት በሕይወቴ ከኖርኳቸው ጊዜያት ሁሉ ምቹዎቹ ነበሩ ብል አታምኑኝም። ጠያቂው ሲመጣ ፈገግ ብዬ እቀበላለሁ። ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ። ደብተራዎቹን አልጋዬ ዙሪያ ሰብስቤ አርማለሁ፣ እቀልዳለሁ። «ለሆሳዕና ቆሜ ታዩኛላችሁ» እላቸዋለሁ። የምሬንም ነበር። ውሸት ከተኙበት ሲመች እውነት ይመስላል።

በሁለተኛው ሳምንት አስካለ ደወለች። ሞባይል ሰቆጣ ከገባ ገና ብዙ አልሆነውም፤ የጎረቤታችን ባለሱቅ ስልኩን እያሮጠ አመጣልኝ።

«አባ፣ እያጠፉት ነው?» አለችኝ። የእህቴ ልጅ ነግሯታል፤ ሁሉንም ታውቃለች።

«እያጠፍኩት ነው፣ ልጄ።»

«እስከ ምን ደረሰ?»

መደቡ ላይ እንደ ግንድ የተዘረጋውን እግሬን አየሁት። «ተረከዜ ወንበር ሥር እየገባ ነው» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ፤ እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ። «እንግዲያ ስመጣ መናኸሪያ ድረስ በእግርዎ መጥተው ይቀበሉኛል» አለች። እቀበልሻለሁ አልኳት። ባለሱቁ ስልኩን ሲቀበለኝ እግሬን አየ፤ እኔን አየ፤ ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

በኒቆዲሞስ ሳምንት አያ ኪሮስ ሊፈታኝ መጣ። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል፤ መሪጌታ ሊቆም ነው ተብሎ። መቀነቱ ተፈታ፣ ስንጥሮቹ አንድ በአንድ ተነሡ። እግሬ ከስቶ የሌላ ሰው መስሏል። ሕመም የለም። አያ ኪሮስ ዓይኑን ጨፍኖ ነቅነቅ አደረገው። «ቀጭ» አላለም።

«ይዟል» አለ ደስ ብሎት። «እስቲ ያጥፉት።»

አዘዝኩት፤ እግሬን እንዲታጠፍ አዘዝኩት። አልታጠፈም። አያ ኪሮስ አንድ እጁን ከጉልበቴ ሥር፣ አንዱን ከቁርጭምጭሚቴ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ጫን አለ። ከዚያ ጠንከር አደረገ። እኔ ጮህኩ፤ ጉልበቴ ግን የጣት ስፋት ያህል ብቻ ሸብረክ ብሎ ቆመ። አያ ኪሮስ አሁንም ዓይኑን ጨፈነ። ጣቶቹ ጠባሳውን ዙሪያውን ዞሩ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ዞሩ። ከዚያ ቆሙ። ያን ጊዜ ፊቱን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ። ሰውየው በገዛ እጁ ያደረገውን በገዛ እጁ ሲያነብ ማየት ከባድ ነው።

በማግሥቱ በቃሬዛ ወደ ከተማው ሕክምና ወሰዱኝ። የተቀበለን ባለሙያ ወጣት ነው፤ እግሬን አገላብጦ አየና ተናደደ።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለ አያ ኪሮስ፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ።

ባለሙያው ተነሥቶ ቆመና ወረደበት። እናንተ ናችሁ ሰው የምታሽመደምዱት፣ የማታውቁትን ለምን ትነካላችሁ፣ ብዙ አለው። አያ ኪሮስ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ።

«አባ፣ ከሆስፒታሉ ሲወጡ ያጥፉት አላሉዎትም ነበር?»

አያ ኪሮስ ቀና ብሎ አየኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። አንዲት «ብለውኛል» በቂ ነበረች።

«ቋንቋቸው ግልጽ አልነበረም» አልኩ።

ሦስተኛዬ መሆኑ ነው። ጌታውን ሦስት ጊዜ ስለ ካደው ሐዋርያ ዕድሜ ልኬን ሳዜም ኖሬ፣ አንድም ጊዜ በእኔ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።

ወጣቱ በቶሎ አዲስ አበባ ከሄድኩ አደንዝዘው ሊያጥፉት ይችሉ እንደሆነ ነገረን። የእህቴ ልጅ ሄዶ ጠየቀ፤ ሐኪሞቹ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ መቼ እንደሚመጡም የሚያውቅ የለም። አበቃ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ የሚያምም ጉልበት ነበረኝ፣ የማያምም ምሰሶ ተረፈኝ። ወሬው ሆሳዕና ሳይደርስ ከሰቆጣ አልፎ ጽጽቃና አምደወርቅ ገባ። ወሬውም አንድ ነው፦ ኪሮስ መሪጌታውን አሽመደመዳቸው።

የስቅለት ዕለት መቋሚያዬን ምርኩዝ አድርጌ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ትርንጎ አይሂዱ ብላኝ ነበር። አያ ኪሮስ ለፋሲካ ቅቤ ይዞ መጥቶ ስለነበር አጠገቤ ሆኖ ደገፈኝ። ሰዉ ሲያየው ይንሾካሾካል፤ እሱ ይሰማል፤ እኔም እሰማለሁ።

ስግደቱ ተጀመረ። ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ በአንድነት ይወድቃል፣ በአንድነት ይነሣል። እኔ ቆሜያለሁ። ሕዝቡ ወድቆ ምድሪቱ ነጠላ በነጠላ ስትሆን ከመካከሏ ተገትሬ የምታይ እኔ ብቻ ነኝ። ያን ሁሉ ዘመን መቆም የለመንኩት አምላክ ልመናዬን ሰማ። ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ሁሉም ያየዋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ሥርዓቱ ካህናቱ የወይራ ዝንጣፊ ይዘው ቆሙ። እያንዳንዱ ሰው በተራው ቀርቦ በደሉን ይናገራል፤ ካህኑ ጀርባውን በወይራው ጠብ ጠብ አድርገው ይህን ያህል ስገድ ይሉታል። ተራዬ ደረሰ። ከኋላዬ አያ ኪሮስ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ምን በደሉ መሪጌታ?» አሉኝ ቄሰ ገበዙ።

«ዋሽቻለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«ማንን?»

አንገቴን ወደ ኋላ ባዞር ፊት ለፊት ነው። አላዞርኩም። ቄሰ ገበዙ ጥቂት ጠበቁኝ፤ ከዚያ ወይራው ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«መቶ ሃምሳ ይስገዱ» አሉ ከልማዳቸው። ከአፋቸው ሲወጣ እግሬን አዩትና ደነገጡ። «እርስዎስ... እርስዎ በጸሎት ያስቡት።»

«አባቴ» አለ አያ ኪሮስ ከኋላዬ። «የእሳቸውን በእኔ ላይ ያድርጉት። ጉልበታቸውን የወሰድኩ እኔ ነኝ።»

ቄሰ ገበዙ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ኪሮስ ጋቢውን አጣጥፎ መሬት ላይ አኖረና ወደ ምሥራቅ ዞረ። ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ የዋለ፣ ከሰባ ያለፈ፣ እህል ያልቀመሰ ሰው ነው። ወደቀ። ተነሣ። ወደቀ። ተነሣ። ከሠላሳ በኋላ እጁን ተመርኩዞ ነበር የሚነሣው። ከሰባ በኋላ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ አጠገቡ ቆሜ እቆጥራለሁ። በየመካከሉ «አሁን እነግረዋለሁ» እላለሁ፤ ይነሣል፣ ፊቱን አያለሁ፣ አፌ ይዘጋል። መቶ ላይ እነግረዋለሁ አልኩ። መቶ ሃያ ላይ አልኩ። መቶ ሃምሳ ሆነ።

ግንባሩ ላይ አፈር ይዞ ተነሣ። «ደረሰልዎት መሪጌታ» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

አያ ኪሮስ ከፋሲካ በኋላ የሸምበቆ ስንጥሮቹን እሳት ውስጥ ጨመራቸው አሉ። ሰው ተሰብሮ ሲመጣበት «እጄ ከድቶኛል፣ ወደ ሰቆጣ ውሰዱት» ይል ነበር። ክዳቱ የእጁ አልነበረም። በደጋ ቁልቁለት አጥንቱ ተሰብሮ ቀን ሙሉ በቃሬዛ ሲንገላታ የሚመጣ የፃግብጂ ሰው ባየሁ ቁጥር በእኔ የተሰበረ ያህል ይሰማኛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አያ ኪሮስ አረፈ። ለቀብሩ ፃግብጂ ድረስ በበቅሎ ወሰዱኝ፤ እግሬን ወደ ጎን ቀስሬ። ፍትሐቱን አዜምኩለት። ስመለስ ሰዉ እጄን እየሳመ ምን ይለኛል መሰላችሁ? «እንዲህ ያደረገዎትን ሰው ይቅር ብለው መጡ፤ እንደ እርስዎ ያለ ልብ ይስጠን።» በዚያ አገር ስሜ እስከ ዛሬ ይቅር ባዩ መሪጌታ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እናንተ አንባቢዎቼ፣ አትመኑ፤ ሰው አፉን ካልከፈተ እውነት ራሷን አታጠራም። እኔ ጋ እስካሁን ጨለማ ነው። ንስሐ ገባህ ወይ ብትሉኝ፣ ገብቻለሁ፤ የንስሐ አባቴ ፈቱኝ። የበደልኩት ሰው ግን ሳይሰማ ሞተ። የሞተ ሰው ይቅር አይልም፤ ይህን ልማር የከፈልኩት ጉልበቴን ብቻ አይደለም፣ የእሱንም ስም ነው። ማንም የዋህ ሰው እጁን ዘርግቶ «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ያሉኝን አደርጋለሁ» ካላችሁ፣ ፎጣችሁ ምንም ያህል ቢያስፈራ ንገሩት። ሌላ ምክር የለኝም።

አስካለ ከተመለሰች ቆይታለች። መናኸሪያ ሄጄ አልተቀበልኳትም፤ እሷም ስለዚያ አንሥታብኝ አታውቅም። ትርንጎ ማንበብ አትችልም፤ የጻፍኩትን ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አስካለ ታነብላታለች። የፊታችን እሑድም ይህን ታነብላታለች። ወንድሟ ነበር። እኔም እዚያው መደቡ ላይ እግሬን ዘርግቼ እጠብቃለሁ፤ ተነሥቼ ልሽሽ ብልም አልችልም።